የተጋመሱ ብርጭቆዎች

ቀማሚው የሰው አፍ አያምንም። በእህቱ ማምረቻ ውስጥ ለውሃና ለለስላሳ የሚጨመር ማጣፈጫ ሲቀምም አስራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። በነዚህ ዓመታት "ጣመኝ" ያለውን ሁሉ በምስጋና ይሸኝና፣ ዞር ሲልለት ብርጭቆውን ብድግ አድርጎ ቂጡን ያያል። ሰው ይሉኝታ አለበት፤ ፊትህ ቆሞ "ቱ! ምንድነው ይሄ!" አይልህም። ብርጭቆ ግን ይሉኝታ የለውም። ቀማሚው የተረፈውን በመለኪያ ገልብጦ በደብተሩ ይጽፋል። ከሚያስቀምሳቸው ብርጭቆዎች መሀል ደግሞ አንዱን ማጣፈጫ ሳይጨምር ስኳርና ውሃ ብቻ አድርጎ ያቀርባል። "ዳኛው" ይለዋል። በነሱ ከተማ ዳኛውን የጨረሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ከብርቱካን ልጣጭና ከናና የቀመመውን አዲሱን ማጣፈጫ የከተማው ሰው ወዶታል። ግን ከተማዋ የእፍኝ ያህል ናት። እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማምረቻውን ብቻዋን ስትጎትት ኖራ ወገቧ ተቆርጧል። አንድ የጎማ ነጋዴ ደግሞ የማምረቻውን አዳራሽ አከራዪኝ ብሎ ደጅ ይጠናታል።

"ስማኝ ወንድምዬ" አለችው፤ "ወንዝ ማዶ ያለው ትልቁ ከተማ ከተቀበለን እንቀጥላለን። ካልተቀበለን ግን ከነገ ወዲያ ማታ ለሰውዬው እሺ እለዋለሁ። አልቻልኩም።"

"ይቀበለናል፣ እታለም።"

ሌላ ምን ይበል? ትዳር የለው፣ ልጅ የለው። ከዚያ አዳራሽ ከወጣ ቀማሚ ብሎ የሚጠራው የለም፤ እንዲሁ አንድ አንገቱን የደፋ ጎልማሳ ነው።

አብሮት የሄደው የእህቱ አማች፣ የልጇ ባል ነው። ሻጭ ነው፤ ሰው ሁሉ አፈ ቅቤ ይለዋል፣ እሱም አይከፋውም። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት በራፍ ላይ ጠረጴዛ ለምኖ ያገኘው እሱ ነው። ባለ ሻይ ቤቷ ሰፊ ሽርጥ ያሸረጡ፣ ዓይናቸው ምንም የማያመልጠው ሴት ናቸው። "ደንበኛዬን እንዳታባርሩብኝ እንጂ ተቀመጡ" አሏቸው።

"እትዬ፣ እኛ ደንበኛ እናመጣለን እንጂ!" አለ አፈ ቅቤ።

ማጣፈጫውን በሻይ ቤቷ የቧንቧ ውሃ በጥብጠው ማስቀመስ ጀመሩ፤ እውነትም ሰው ጎረፈ። ተሸካሚው፣ ሹፌሩ፣ ከቢሮ የወጣው ሁሉ እየቆመ ጠጣ። "እጃችሁ ይባረክ"፣ "መዓዛው ራሱ ያጠግባል"፣ "የት ነው የሚሸጠው?" የማይባል ነገር አልነበረም። አፈ ቅቤ እስከ ቀትር ድምፁ ዘጋ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለአማቱ ደወለ።

"እማማ፣ እልል በይ! ከተማው አብዷል!"

ቀማሚው ግን ብርጭቆዎቹን እያየ ነበር። ሁሉም ተጋምሰዋል። ዳኛውን በጥድፊያው ሳያቀርብ ቀርቷል። ሰባ ሦስት ብርጭቆ ለካ፤ ሰባ ሦስቱም ተጋምሶ የቀረ ነው።

"ምን ነካህ ጋሼ? ሰርግ ላይ ለቅሶ ታወጣለህ እንዴ?"

"ማን ስልክ ደውል አለህ?"

"ሲያመሰግኑን አልሰማህም?"

"ሰማሁ። አልጠጡም።"

ቀማሚው ከተረፉት አንዱን አንስቶ ተጎነጨ። መረረው። ሌላውን ሞከረ፤ እሱም ያው ነው። ከዚያ ከቧንቧው ባዶ ውሃ ቀድቶ ጠጣ፤ ቆመና እንደገና ጠጣ። እንዲህ ያለ ውሃ በሕይወቱ ቀምሶ አያውቅም። ጉሮሮ ላይ ምንም ሳይጥል፣ ምንም ሳያነሳ ይወርዳል። የነሱ ከተማ ውሃ ጨው ጨው እንደሚል ያን ጊዜ ገና ገባው። ተወልዶበት፣ አድጎበት፣ አስራ አንድ ዓመት ቀምሞበት፣ ውሃ ማለት ያ ነው ብሎ ኖሯል። ልጣጩን ያን ያህል ያበዛው ምላሱ ሳይነግረው ከጨው ጋር ሲታገል ኖሮ ነው። እዚህ የሚታገለው ጨው የለም፤ ምሬቱ ብቻውን ቀረ። ይህንኑ ለአፈ ቅቤ ነገረው።

"ታዲያ ምን ይጠበስ?" አለ አፈ ቅቤ፤ ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ቀረ። "የኛን ውሃ በቦቴ እናምጣላቸው?"

ቀማሚው ከቧንቧው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ያዘ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ባደሩበት ጠባብ ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ጠርሙሶቹን ደርድሮ በዚያው ከተማ ውሃ እንደ አዲስ ቀመመ። ልጣጩን ቀነሰ፣ ናናውን ጨመረ፤ አፈሰሰ፣ ደገመ። አምስት ዓይነት አወጣ። ስድስተኛ ብርጭቆ እንደ ልማዱ ዳኛው ሆነ። ሻይ ቤቱ ሲከፈት ለባለ ሻይ ቤቷ ስድስቱንም አቀረበላቸውና፣ ከሳቸው በኋላ ለመጣው ሰው ሁሉ እንዲሁ። አፈ ቅቤን ዛሬ አፉን ዘግቶ እንዲቆም አስማለው።

ቀትር ላይ የተረፈውን ለካ። ጽፎ ሲጨርስ ደብተሩን አልከደነውም፤ ቁጥሮቹን ደግሞ ደመረ።

"ስንተኛው አሸነፈ?" አለ አፈ ቅቤ።

"ዳኛው።"

"ዳኛው ባዶ አይደል እንዴ?"

"ባዶ ነው። ጠብታ አልተረፈበትም።"

ባለ ሻይ ቤቷ ከውስጥ ሰምተዋል። "ወንድሜ፣ አይክፋህና" አሉ፣ ሲኒ እያለቀለቁ፤ "መዓዛው ደስ ይላል። ግን የኛ ውሃ ምን ጎድሎት?"

ቀማሚውን ያመመው ይኸው ጥያቄ ነው። ሙያዬ ጣዕም መጨመር ነው ብሎ ኖሯል፤ ለካ የሰፈሩን ውሃ ነውር ሲሸፍን ነው የኖረው። ነውር የሌለበት ደርሶ ምን ይሸፍን?

"ውሃው ክፉ የሆነበት ከተማ እንፈልጋ!" አለ አፈ ቅቤ። "ጋሼ፣ አገሩ ሁሉ እንዲህ አይደለም።"

"ስንት ቀን አለን?"

አፈ ቅቤ ሰዓቱን አየ። "...እስከ ማታ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሷ እኮ ደስ ብሏታል። እንተዋት። ጀምረን እናየዋለን፤ ሰዉ ይለምደዋል።"

ነገሩ ቀማሚውን አጓጓው፤ አልጓጓም ቢል ውሸት ነው። አንድ ቃል ካወጣ ማምረቻው አለ፣ እሱም አለ። እህቱ ግን ያላትን ጥሪት ጠራርጋ ጠርሙስና ስኳር ትገዛለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ስልኩን ከአፈ ቅቤ እጅ ተቀበለ።

"እታለም።"

"አቤት! በል ንገረኝ፣ ከትናንት ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም!"

"ትናንት የሰማሽውን እርሺው። አልጠጡትም። ቀየርኩት፤ እሱንም አልጠጡትም። ባዶ ውሃቸው ይሻላቸዋል።"

ከኋላዋ የበርሜል መንከባለል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሠራተኞቹን ለአዲሱ ሥራ ቦታ አስለቅቁ ብላቸው መሆን አለበት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ለክቼዋለሁ።"

"ከለካህማ..." ትንፋሿ ረዘመ። "ምሳ በላህ?"

"እበላለሁ።"

"ብላ እንጂ፤ ባዶ ሆድህን መንገድ እንዳትገባ።" ከዚያ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅዋን አለስልሳ፣ "የጎማው ሰውዬ ለአዳራሹ ጥበቃ ይፈልጋል። ቀን ቀን ነው፤ ሥራው ከባድ አይደለም። ልጠይቅልህ?"

አፈ ቅቤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

"ጠይቂልኝ" አለ ቀማሚው።

ስልኩን መለሰ። ባለ ሻይ ቤቷ ጨርቅ ይዘው መጡ።

"ወንድሜ፣ ጠረጴዛውን ጨረስክ? ሰው ቆሟል።"

"ጨርሻለሁ፣ እትዬ።"

በእያንዳንዱ ብርጭቆ የቀረውን አንድ በአንድ ቦዩ ውስጥ ደፋ። መለካቱን ተወው።