እጇ ላይ የተቀመጠችው ልጅ

ምንትዋብ ልጅ ለመቆጣት ድምፅ አታባክንም፤ ዐይኗ ይበቃታል። ሰው ቤት ሄደው ከረሜላ ሲቀርብላት ልጇ አቢጊያ መጀመሪያ የምታየው ከረሜላውን ሳይሆን የእናቷን ዐይን ነው። ዐይኑ ለስለስ ካለ ታነሳለች፤ ፈጠጥ ካለ ሁለት እጇን መቀመጫዋ ሥር ከትታ ትቀመጥባቸዋለች። እጅ ላይ መቀመጡን ያስተማረቻት ራሷ ምንትዋብ ናት። እዚያው አሜሪካን አገር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር የሚኖሩት የባሏ አክስት ቤታቸው በብርጭቆ ዕቃ የተሞላ ስለሆነ፣ ለልጅ እጅ ከዚያ የተሻለ እስር ቤት አልተገኘም። አክስትየዋም አይተው "ጨዋ ልጅ ማለት እንዲህ ናት" አሏት። ምንትዋብ ያን ምስጋና ግሪን ቫሊ ራንች ያለው ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በልቧ ስታጣጥመው ነበር።

አቢጊያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቃል ግን እሺ አይላትም። እንግሊዝኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ "ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚወራ ነው" ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ አማርኛውም ያው ነው። ውሃ ስትፈልግ ብርጭቆውን ታነሳለች። ረዘም ያለ ነገር ሲነግሯት መጨረሻው ሳይደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። ሐኪሞች የቋንቋ እክል ብለውታል። ዘመድ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው" ብሎ ፈርዷል። አባቷ እንዳሻው የኤርፖርት ሹፌር ነው፤ እውነትም ዘግይቶ ከነበረ፣ ዛሬ በየተሳፋሪው ላይ እያካካሰው ነው።

ከገና በኋላ ትምህርት ቤቷ የአእምሮ ችሎታ ፈተና ሰጣት። ፈታኙ ደግ ሰው ነበር፤ ፈተናው ግን ከላይ እስከ ታች ቃል ነው። ይህ ቃል ምን ማለት ነው፣ እነዚህ ሁለት ነገሮች በምን ይመሳሰላሉ፣ እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ። እግሩ የታመመን ሰው ሩጫ አስሩጦ ልብህ ደካማ ነው እንደማለት ነው። ውጤቱ በጣም ዝቅ ብሎ መጣ። ትምህርት ቤቱ ስለ ውጤቱ በጠራው ስብሰባ ላይም አቢጊያ ከጓደኞቿ ተለይታ፣ ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ወዳለ፣ አእምሯቸው ዝግ ብሎ ለሚያድግ ልጆች ወደተዘጋጀ ክፍል ብትሄድ ይሻላል ተባለ።

ምንትዋብ ለዚያ ክፍል ልጆች ንቀት የላትም። ኦሮራ ውስጥ አረጋውያን እያጠበችና እያጎረሰች የምትተዳደር ሴት ሰውን በአእምሮው ልክ አትመዝንም። ያቃጠላት፣ ስለ ልጇ ሲወራ ልጇን የሚመስል ነገር አለመስማቷ ነው። እሷ የምታውቃት አቢጊያ አባቷ የፈታታውን መብራት አይታ ብቻ መልሳ የምትገጥም ናት። ኦሪጅናል ኦሮራ ወደሚባለው ሰፈር በርበሬ ሊገዙ ሲሄዱ እናቷ መታጠፊያ ካለፈች፣ ከኋላ ወንበር ሆና ጣቷን የምትቀስር ናት። ይህን ሁሉ ግን ምንትዋብ በስብሰባው ላይ አልተናገረችም። የተማረ ሰው ሲናገር አይቋረጥም፤ "ኦኬ፣ ኦኬ" እያለች ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

ደግነቱ፣ እዚያው የነበረችው፣ ልጆችን ንግግር የምታለማምደው የትምህርት ቤቱ የንግግር መምህርት አልተዋጠላትም። ፈተናው የለካው የልጅቷን ቋንቋ ነው፣ አእምሮዋን ገና ማንም አላየውም ብላ ተከራከረች፤ ቃል የማይጠይቅ ሌላ ፈተና እስኪሰጣት ድረስ ውሳኔው ይቆይ አለች። ቆየ። ምንትዋብ የመምህርቷን ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ በጸሎቷ ታነሳለች፤ ሴትዮዋ ይህን ብታውቅ ምን ትል ነበር ይሆን።

የፈተናው ቀን አቢጊያ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ጫማዋን አድርጋ እንደ ዓመት በዓል ልጅ ተነሳች። መኪና ውስጥ፣ ታወር ሮድ ላይ፣ ቀይ መብራት ሲይዛቸው ምንትዋብ ዞር ብላ የለመደችውን ማስጠንቀቂያ ሰጠች።

"የሰው ዕቃ አይነካም። እሺ?"

ዐይኗንም ፈጠጥ አደረገችባት። አቢጊያ ራሷን ነቀነቀች።

ፈተናው የሚሰጥበት ክሊኒክ ኦሮራ ነው። ዶክተር ሞራሌስ የምትባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በር ላይ ተቀበለቻቸውና ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀች። ምንትዋብ ጉሮሮዋ ደርቆ ሳለ ወጉ ነውና "ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ኦኬ" አለች። እንግዳ መጀመሪያ ይግደረደራል፤ ሁለተኛ ሲለመን ይቀበላል። አሜሪካን አገር ግን ሁለተኛ የሚለምን የለም፣ ውሃውም በዚያው ቀረ።

አቢጊያ ከእናቷ አልለይም ስላለች ምንትዋብ ጥግ ላይ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ቃልም ሆነ ምልክት እንዳይወጣት ግን ተነገራት። ምንትዋብ ትእዛዙን እንደ ቅዳሴ ሥርዓት አከበረችው። ልጄን ረዳች እንዳይሉኝ ብላ ፊቷን አጠቆረች።

ዶክተሯ ቀይና ነጭ ብሎኮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አንድ ቅርጽ ሠርታ አሳየችና፣ ምንም ሳትናገር፣ በእጇ "በይ አንቺም" አለች። አቢጊያ ብሎኮቹን አየች። ቀጥላ እናቷን አየች። የእናቷ ፊት እንደ ተዘጋ በር ነው። ልጅቷ አንድም ብሎክ አልነካችም።

ዶክተሯ ደግማ አሳየች። ብሎኮቹን ትታ ሥዕሎች አመጣች፤ የሚመሳሰሉትን በጣቷ አሳይታ ተራውን ለልጅቷ ሰጠች። አቢጊያ አልተነቃነቀችም።  እንግዲያው ልክ ነበሩ ማለት ነው፤ እኔ ነኝ ልጄን በእናት ዐይን አይቼ የማይሆን ተስፋ የያዝኩት አለች ምንትዋብ በልቧ። እመብርሃንን ጠራች። ሊፈስ የመጣ እንባዋን ለመመለስ ቀና ልትል ስትል የልጇን ትከሻ አየች። ትከሻዎቿ ወደ ላይ ተሰቅለዋል። ክንዶቿ ወደ ታች ቀጥ ብለዋል። እጆቿ አይታዩም።

አቢጊያ እጇ ላይ ተቀምጣለች።

ዐይኗ ግን ሥራ ላይ ነበር። ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ትክክለኛው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ እናቷ ይመለስና ይለምናል። ምንትዋብ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ልጇ ልትወድቅ የነበረችው ጨዋ በመሆኗ ነው፤ ያውም እናቷ ባስተማረቻት ጨዋነት።

አትናገሪ ተብላለች። ብትናገር ፈተናው ሊበላሽ ይችላል፤ ዝም ብትል ደግሞ ልጇ ትወሰዳለች። በዚያ ስብሰባ ላይ "ኦኬ፣ ኦኬ" ብላ የወጣችው ነገር ትዝ አላት። እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ሶሪ ዶክተር፣ የእኔ ጥፋት ነው" አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "የሰው ዕቃ እንዳትነካ ነግሬያታለሁ። እኔ በዐይኔ ካልፈቀድኩላት አትነካም። ምልክት አታሳዪ ስባል ጊዜ ፊቴን ዘጋሁባት።"

ዶክተሯ ልጅቷን፣ ከዚያም እጆቿ የተቀበሩበትን ወንበር አየች። ብዕሯን አስቀመጠች።

"ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አለች ቀስ ብላ። "እስካሁን ያሳየኋት መለማመጃ ነው፣ አይቆጠርም። በይ ፍቀጂላት። መልሱን ሳይሆን ፈቃዱን ብቻ ስጫትና ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረሽ ተቀመጪ።"

ምንትዋብ ዐይኗን አለሰለሰች። ስንት ሰው ቤት በቀላሉ ያደረገችው ነገር ያን ቀን ከበዳት፤ ዐይኗ እንባ ሞልቶት ስለነበር ልጅቷ እንዳትሳሳት ፈራች። አቢጊያም በቀላሉ አላመነችም። ብሎኮቹን አይታ እናቷን ደግማ ጠየቀች። እናቷ ደግማ ፈቀደች። ሁለቱ እጆች ቀልተው፣ የወንበሩ መስመር ታትሞባቸው ወጡ።

ምንትዋብ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ በኋላ የሰማችው የብሎክ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አንዳንዴ ያቆምና፣ ሲፈርስ ይሰማል፣ እንደገና ይጀምራል። ውጭ የሚያዝያ በረዶ መኪናዋ ላይ እየቀለጠ ነበር። እንደዚያ የሚጥም ድምፅ በዕድሜዋ የሰማች አልመሰላትም።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱን ሊሰሙ፣ እንዳሻው ተጨምሮ፣ ሦስቱም ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ዶክተሯ ነገሩን ሳታንዛዛ ነገረቻቸው፦ የአቢጊያ አእምሮ ከእኩዮቿ አያንስም፣ በቅርጽና በማገናዘብ እንዲያውም ትበልጣቸዋለች፤ የቸገራት ቋንቋው ነው፣ ለእሱም ብዙ እርዳታ ያስፈልጋታል። ትምህርት ቤቱም ውጤቱን አይቶ እዚያው ክፍሏ እንድትቆይ ተስማምቷል፤ ከንግግር መምህርቷ ጋር በየቀኑ ትሠራለች። እንዳሻው፣ ያ ወሬኛ፣ አንድ ቃል ጠፋው። ብድግ ብሎ የዶክተሯን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ጎንበስ አለ።

ምንትዋብ "ታንክ ዩ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ቀለለባት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች በአማርኛ። "ልጄን አየሽልኝ።"

ዶክተሯ አማርኛ አታውቅም። ቢሆንም ምን እንደተባለች የጠፋት አትመስልም። የመሐረም ወረቀቱን ሳጥን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችላት። የምንትዋብ እንባ ነጠላዋ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፤ አፏ ግን የለመደውን አወጣ።

"ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ኦኬ።"

አቢጊያ ሳጥኑን አየች። እናቷንም አየች። ዐይን ለዐይን እስኪገጣጠሙ ድረስ ጠበቀቻትና፣ ዐይኗን ለስለስ አድርጋ፣ ራሷን ዝቅ አደረገችላት። ተፈቅዶልሻል ማለቷ ነው።

ምንትዋብ አንድ አነሳች።