የአበልጅ ሾርባ

«ምድጃውን እንዳትነኪ!» አለች አሮጊቷ ሳንታ። «ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም፤ ምን ነካሽ?»

«በርዶኝ ነው» አለች ክሮቺፊሳ፤ ክብሪቱንም መልሳ አስቀመጠች።

በዚህ መንደር ሐዘንተኛን የሚያበላው ጎረቤት ነው። የመጀመሪያውን ምግብ ይዞ የሚገባው ደግሞ ግድግዳ የሚጋራው ነው፤ እሱ ሳይመጣ ሌላው ድስት ይዞ አይቀድምም። የክሮቺፊሳን ግድግዳ የምትጋራው አበልጇ ኒንፋ ናት። የክሮቺፊሳ ልጅ የጋስፓሬ ሞት ከኒውዮርክ ከተሰማ ወዲህ ግን የኒንፋ በር እንደተዘጋ ነው። ክሮቺፊሳ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አስከሬን የለም፤ አልጋው ላይ የተጋደመው የልጇ ፎቶ ብቻ ነው፣ ፀጉራም ኮሌታ ያለው ካፖርት ለብሶ።

«አበልጄ ምነው ቀረች?»

ሴቶቹ ተያዩ። ከጥግ አንዷ አንሾካሾከች፦ «ልጇን ሊቦሪዮን ለገደለባት ሰው ታልቅስለት እንዴ?»

ክሮቺፊሳ ሰማች። «ሊቦሪዮ የሞተው በሳንባ በሽታ ነው!» ብላ ጮኸች። «ጋስፓሬ ራሱ ነው የጻፈልን!» እየጮኸች ግን ወሬው እውነት ሊሆን እንደሚችል ገባት።

ጋስፓሬን ዶን ሞሞ ዘንድ የወሰደችው እሷ ናት። ዶን ሞሞ የመኳንንቱን መሬት የሚያስጠብቅ፣ ማን እንደሚያርስና ማን ጉድጓድ እንደሚገባ የሚወስን ሰው ነበር። ዶሮ ይዛ ሄደች። «ጌታዬ፣ ልጄ እጁ ቀልጣፋ ነው፤ አሜሪካ ካሉት ዘመዶችዎ ጋር ያስጠጉልኝ።»

«አፉስ?» አላት።

«መቃብር ነው» አለች በኩራት።

ጋስፓሬ ከሊቦሪዮ ጋር በአንድ መርከብ ሄደ፤ ሊቦሪዮ የኒንፋ ልጅ፣ የክሮቺፊሳም የክርስትና ልጅ ነበር። ከዚያ የጋስፓሬ ስጦታ ይጎርፍ ጀመር። ለቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገዛ። «ምን ይሠራል?» ለሚላት ሁሉ «ፍራፍሬ ይነግዳል» ትል ነበር። አንድ ቀን እንኳ እሱን አልጠየቀችውም። መጠየቅ ፈርታ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ኒንፋ ድስቷን በጨርቅ ይዛ ገባች። ሾርባውን ቀዳች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ማንኪያውን ወደ ክሮቺፊሳ አፍ አስጠጋች።

«እውነት ነው?» አለች ክሮቺፊሳ።

«እውነት ነው። ፋሲካ ሰሞን ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? ሻማ እያበራሁ የልጅሽን ሞት እለምን ነበር። በእኔ የደረሰው በአንቺም እንዲደርስ።» ኒንፋ ማንኪያውን ይበልጥ አስጠጋች። «ይኸው ሞተልኝ። አንጀቴ ይርሳል ብዬ ነበር፤ አልራሰም። ብዪ፣ አበልጄ።»

«ከአንቺ እጅ እንዴት ብዬ እበላለሁ?»

«ታዲያ ከማን እጅ ልትበዪ ነው?»

ክሮቺፊሳ አፏን ከፈተች። መዋጥ አቃታትና ሾርባው በአገጯ ወረደ። ኒንፋ የጥቁር ሻርፗን ጫፍ ሰብስባ ጠረገችላት፤ ማንኪያውንም እንደገና ሞላችው።