ወንበር ጠባቂው ሹራብ

ክሊፍ በእንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶብስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ያየው ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ከአውቶብስ ተገላገልክ» አለው። አልተገላገለም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሚስቱን ሞሪንን ይዞ በሽርሽር መርከብ ይሳፈራል፤ መርከቡ ወደብ በነካ ቁጥር ደግሞ የመጀመሪያ ሥራው አስጎብኚ አውቶብስ መፈለግ ነው። ያው በፈለጉበት ፌርማታ ወርደው፣ ዞር ዞር ብለው፣ በሚቀጥለው የሚሳፈሩበት፣ ፎቁ ጣራ የሌለው አውቶብስ። ክሊፍ ታዲያ መሳፈሩን እንጂ መውረዱን አያውቅበትም። ፎቅ ላይ የፊቱን ወንበር ይይዛል፣ ዙሩን ይጨርሳል፣ ወደ መርከቡ ይመለሳል። ሞሪን በዚህ ዓይነት ሃያ ሰባት ከተማ አይታለች፤ ከሃያ ሰባቱ የረገጠችው የወደባቸውን አስፋልት ብቻ ነው።

የፊት ወንበር እንዲህ በዋዛ አይገኝም። መርከቡ ላይ ያለው እንግሊዛዊ ሁሉ የሚመኘው እሱን ነው። የሚጠበቀውም በሹራብ ነው። ሹራብ የተቀመጠበት ወንበር ሰው እንደተቀመጠበት ይቆጠራል፤ ይህን ሕግ የጻፈው ባይኖርም የሚጥሰው አልተገኘም። የክሊፍ ሹራብ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው። ሲለብሰው የታየበት ቀን የለም። የሹራቡ ሥራ መቀመጥ ነው።

ሞሪን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያለችው ጉልበቷ ስለማይታዘዛት ነበር። ዘንድሮ ግን አዲስ ጉልበት ይዛ ነው የመጣችው። ሦስት ዓመት ወረፋ ጠብቃ፣ ባለፈው ጥቅምት ቀኝ ጉልበቷ ወጥቶ በብረት ተተካላት። ከዚያ በኋላ ያየችውን አበሳ እሷና ክሊፍ ያውቁታል። እንድትራመድ የምታለማምዳት ነርስ «አንድ እርምጃ ብቻ፣ እማማ ሞሪን፣ አንድ ብቻ» ስትላት፣ ሞሪን ዓይኗን ጨፍና አንድ ነገር ታስብ ነበር፤ ከክሊፍ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው በባሕር ዳር ሲሄዱ። ሌላ ምንም አልተመኘችም። ይህንኑ ለክሊፍ ነገረችው፤ እሱም «እናያለን» አላት። ክሊፍ «እናያለን» ያለው ነገር ደግሞ እንደሞተ ይቆጠራል።

መርከቡ ማልታ፣ ቫሌታ ወደብ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቆመ። መመለሻው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነው፤ የዘገየ ይቀራል። ከወደቡ በር ፊት ለፊት ሁለት አውቶብሶች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። መሀላቸው ሰፊ ባርኔጣ የደፋ ካርመኑ የሚባል ቲኬት ሻጭ ቆሟል።

ክሊፍ ካርታውን ዘርግቶ «ቀዩ» አለ። «ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። ዙሩ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሞተሩም አዲስ ነው።»

«ሰማያዊውስ?»

«ደቡብ። እሱ አርጅቷል። ማርሽ ሲገባ ያስነጥሰዋል፤ አልሰማሽም?»

«እኔ ማርሽ ልሰማ አልመጣሁም። ሰማያዊው ማርሳሽሎክ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ይቆማል። ካርታው ላይ ያሉትን ጀልባዎች አየሃቸው? ዓይን የተሳለባቸው?»

ክሊፍ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የቀዩን የኋላ ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ተንበርክኮ ከሥር አየው።

ካርመኑ ትንሽ ታግሶ «ጌታዬ» አለው፤ «ሊሳፈሩበት ነው ወይስ ሊገዙት?»

«ጎማ ሳያይ የሚሳፈር ሞኝ ነው።»

«እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሞኞች ነው የሸጥኩት። እስካሁን አንድም ሰው ጎማ ጠይቆኝ አያውቅም።» ከዚያ ወደ ሞሪን ዞረ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ግን ዓይንዎ ከሰማያዊው ላይ አልተነቀለም።»

ሞሪን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማርሳሽሎክ ላይ መንገዱ ሜዳ ነው?» አለችው።

«እንደ ጠረጴዛ ነው። ዳገት ካማረዎ ግን ቀዩን ይሳፈሩ።»

ክሊፍ ጎንበስ ብሎ የቀዩን ሞተር በማዳመጥ ላይ እያለ ሞሪን ሁለት የሰማያዊ ቲኬት ቆረጠች። በአርባ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ሳታማክረው የቆረጠችው የመጀመሪያ ቲኬት ነው። ልቧን ሞቅ አላት።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«መረጥኩ።»

«ያስነጥሰዋል እያልኩሽ?»

«መሐረብ እንሰጠዋለን። ና ውጣ፤ ዌልሶቹ እየመጡልህ ነው።»

እውነቷን ነው። መርከቡ ውስጥ ከነሱ በላይ ያለው ክፍል ያረፉት ባልና ሚስት ከዌልስ የመጡ ናቸው፤ በየወደቡ የፊት ወንበር የሚሻሙት ከነሱ ጋር ነው። ሰውየው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩጫ መጣ። ክሊፍ ክርክሩን እዚያው ጥሎ ደረጃውን ተያያዘው፤ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖም ሹራቡን ወረወረው። ሹራቡ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሄዶ የፊት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ዌልሱ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሕግ ሕግ ነው። እያጉረመረመ ከኋላቸው ተቀመጠ።

ሞሪን በመጨረሻ ወጣች። አሥራ አንድ ደረጃ ነው፤ የእጅ መደገፊያውን ሳትነካ ወጣችው። ክሊፍ ማየቱን አይታለች። «ጎበዝ» እንኳን አላላትም፤ ሹራቡን አንስቶ ጭኑ ላይ አጠፈው እንጂ።

አውቶብሱ ማስነጠሱን አላቆመም። ቢሆንም ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፤ ነፋሱም የባሕር ጨው ይዞ ይመጣል። ክሊፍ ከፊት የሚመጣ አውቶብስ ባየ ቁጥር እጁን ያነሳል። ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንዲያ ነው የሚሰላለሙት፤ እሱም ሠላሳ ስምንት ዓመት አድርጎታል። አሁን ግን ፎቅ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ማን ቀና ብሎ ያየዋል? ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድም ሹፌር መልሶለት አያውቅም። እሱም ማንሳቱን አልተወም።

እኩለ ቀን ላይ ማርሳሽሎክ ደረሱ። ጀልባዎቹ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ተቀብተው፣ በተሳሉት ዓይኖቻቸው አፍጥጠው ውሃው ላይ ይወዛወዛሉ። የባሕር ዳሩ መንገድ፣ ካርመኑ ዕድሜ ይስጠውና፣ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ሞሪን ተነሳች።

«ና እንውረድ።»

«ዌልሶቹ ከኋላችን ናቸው» አላት ክሊፍ በሹክሹክታ። «ከተነሳን በቃ፣ አለቀልን።»

«ክሊፍ። ጉልበቴ ድኗል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

ክሊፍ ሹራቡን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ መልሶ ሹራቡን አየ። «ወንበሩ ጥሩ ነው» አለ። «አንቺ ከፈለግሽ ውረጂ። ቀጣዩ ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ይመጣል። መርከቡ ላይ እንገናኛለን።»

ሞሪንን ሊዝበን ከተማ ላይ የሆነው ትዝ አላት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያዋ ሽርሽራቸው ነበር። ከአውቶብሱ ልትወርድ ተነስታ ደረጃው ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ሰው ሁሉ እያያት መሀል ላይ ቀረች። ክሊፍ ያኔ «ነይ ተመለሽ፣ ወንበራችንን ልታስወስጂ ነው!» ብሎ ጮኸባት። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከሆዷ አልወጣችም።

«ከወንበርህ ጋር ያኑርህ» አለችው። አሥራ አንዱን ደረጃ ብቻዋን ወረደች።

አውቶብሱ አስነጥሶ ሄደ። ቀና ብላ ስታይ ክሊፍ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሯል። ሊያያት እንኳን አልፈለገም። ሞሪን በንዴት መሄድ ጀመረች፤ መቶ እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ነው መሄዷን ያስተዋለችው። አላመማትም። ሌላ መቶ ጨመረች። ድንጋዩ ትንሽ ይጎረብጣል፤ ጉልበቷ ግን ቀጥ ብሎ ተሸከማት። ያን ጊዜ ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ሆዷ ባባ። «አየህ!» ልትለው ወደ ጎኗ ዞረች፤ ጎኗ ባዶ ነው። ደስታን ለብቻ መብላት ጨው የሌለው ወጥ እንደመብላት ሆነባት።

ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ትኩስ፣ አይብ የገባባት፣ ፓስቲዚ የሚሏትን የማልታ ሳምቡሳ ገዛች። ወጥታ ወረቀቱን ስትፈታ ሁለት ናቸው። እጇ በልማዱ ሁለት አዝዟል። «ምን አባቱ! ሁለቱንም እበላቸዋለሁ» ብላ ግንቡ ላይ ተቀመጠች። አንዱን በላች። ሁለተኛውን ግን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለችው፤ በራሷም ተናደደች።

ሰዓቷን አየች። ቀጣዩ አውቶብስ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ወደ ፌርማታው ስትመለስ፣ በመንደሩ መጨረሻ ካለው ኮረብታ አንድ ሰው መንገዱን ይዞ ሲወርድ አየች። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። የሚራመደው ብዙ ዓመት ተቀምጦ እንደሠራ ሰው ነው፤ ጉልበቱን ሳይሆን ትከሻውን እያስቀደመ። ይህንን አካሄድ ከሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች።

«ክሊፍ?»

ክሊፍ እያለከለከ እጁን ግንቡ ላይ አሳርፎ ቆመ። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ምን ሆነህ ነው? አውቶብሱ ተበላሸ?»

«ቀጣዩ ፌርማታ... እላይ ነው» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ወረድኩ።»

«ማን? አንተ ወረድክ?»

«ወረድኩ አልኩሽ እኮ!»

«ወንበሩስ?»

«ትቼዋለሁ።»

«ሹራቡስ?»

ክሊፍ ኪሱን ነካ፣ ትከሻውን ነካ፣ ከዚያ ወደ ኮረብታው ዞሮ አየ። «ወንበሩ ላይ ነው» አለ። «ዌልሶቹ ነፍሳቸው ቢወጣ እንኳ አያነሱትም።»

ሞሪን መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቋ ግን አመለጣት። ወዲያው ኮስተር አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንበርህ ንቅንቅ አላልክም። ዛሬ ምን አገኘህ?»

ክሊፍ ግንቡ ላይ ተቀመጠ። የጫማውን አቧራ በእጁ አራገፈ። «እኔ ወንበር ወድጄ ይመስልሻል?» አላት። «ሊዝበን ላይ ደረጃው ላይ ቆመሽ ሰው ሁሉ ሲያይሽ ፊትሽን አየሁት። ልታለቅሺ ነበር። ስለ ወንበር ብጮህ ሰው እኔን ያያል ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ‹ጉልበቴ አልቻለም› ከምትዪ ‹ባሌ ወንበር አይለቅም› ብትዪ ይሻላል አልኩ። እኔን ብትሰድቢኝ ምን ይጎዳኛል? ለምጄዋለሁ።»

ሞሪን ወደ እሱ ዞረች። «ዛሬስ? ዛሬ ምን ልትል ነው?»

«ዛሬ ፈራሁ» አለ። «ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ ስትጮኺ የሰማሁት እኔ ነኝ። ካልወረድሽ አትወድቂም አልኩ። ስትወርጂ ማየት አልቻልኩም፤ ዞሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ስገልጠው ጎኔ ያለው ሹራብ ብቻ ነው። ይኼ ሽማግሌ ሹራብ ይዞ ማልታን ሊዞር ነው እንዴ አልኩ ለራሴ።»

«አንተ ሰውዬ» አለች ሞሪን። አሥራ ሁለት ዓመት የያዘችው ቂም እዚያው ግንቡ ላይ ሟሟ፤ ቂሙን ማጣቷ ራሱ ትንሽ አናደዳት። «አንድ ቀን አትነግረኝም ነበር?»

«እናያለን ብዬ ነው።»

ፓስቲዚውን ሰጠችው። ቀዝቅዟል። ክሊፍ በሁለት ጉርሻ ጨረሰው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተነስቶ ክንዱን ዘረጋላት። ያዘችው።

በዚህ መሀል ቀጣዩ ሰማያዊ አውቶብስ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ፎቁ ላይ ሁለቱ የፊት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ሹፌሩ ሁለት ሽማግሌዎች ፌርማታው አጠገብ ቆመው አየና ፍጥነቱን ቀነሰ።

ሞሪን የክሊፍ ክንድ ሲጠነክር ተሰማት። በሕይወቱ አውቶብስ ቆሞለት ሳይሳፈር ቀርቶ አያውቅም። «የሚቀጥለውን ብንይዝ ለመርከቡ እንደርሳለን?» ብላ ጠየቀችው።

«እንደርሳለን» አለ ክሊፍ። ከዚያ ነፃ እጁን አንስቶ ለሹፌሩ እለፍ የሚል ምልክት ሰጠው።

ሹፌሩ ገባው። አጠገባቸው ሲያልፍ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ፣ ሹፌር ለሹፌር እንደሚሰጠው፣ ለክሊፍ ሰላምታ ሰጠው።

ክሊፍ አውቶብሱ ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስ እጁን አላወረደም። «አየሽው?» አላት።

«አየሁት» አለች ሞሪን። «በል ተራመድ።»