እስኪሻላት

ማክሲን ልጇ ከትምህርት ቤት የቀረችው በድብ ምክንያት ነው ስትል ሰው ይስቅባታል። ድቡ የጨርቅ ነው። አንድም ተማሪ ያልቀረበት ክፍል ዓርብ ዓርብ ይሸለመዋል፤ የተሸለሙት ልጆች ድቡን መስኮታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ፒጃማ ለብሰው ፊልም ያያሉ። ይህን ሽልማት ያሰበው ሰው መቼም ልጅ ሆኖ የሚያውቅ አይመስልም። የዘጠኝ ዓመቷ ብራዮኒ በጥቅምት ጉንፋን ያዛትና ቀረች፤ ድቡም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ በሙሉ ጥርሱን ነከሰባት።

«በሽተኛዋ መጣች» ይሏታል በሩ ላይ። «ነገስ አለሽ ወይስ ልታስቀሪብን ነው?»

ልጅቷ በጭንቀት ሆዷን ያማታል፤ ሆዷን ሲያማት ትቀራለች፤ ስትቀር ደግሞ ይብስባታል። ብርዱ ሲጠና ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብሷን እንደለበሰች መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ ታስመልሳለች። ማክሲን ጀርባዋን ከማሸት በቀር የምታደርገው ነገር አልነበራትም።

«እኛ በዱላ እየተገረፍን ነው የተማርነው፤ ምን ሆንን?» አለቻት የማክሲን እናት ዶሪን።

«ምን እንደሆናችሁ ብነግርሽ ትቀየሚኛለሽ።»

በመጨረሻ ማክሲን ርዕሰ መምህሯን ልታናግር ሄደች። የምትናገረውን አውቶቡስ ውስጥ ስትለማመድ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ ቦታ እስኪቀይሩ ድረስ ተቆጥታ ነበር። ርዕሰ መምህሯ ሚስስ ኦርምሮድ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት፣ ሻይ ቀዱላት፣ ብስኩት አቀረቡላት። በእነማክሲን አገር ሻይ ቀድቶ በሚያስተናግድ ሰው ላይ መጮህ ነውር ነው።

«ስለ ድቡ ነበር የመጣሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ማክሲን።

«ልጆቹ እኮ ይወዱታል» አሉ ርዕሰ መምህሯ። «እኔን ያሳሰበኝ እርስዎ ነዎት። መቅረቷ እንዲህ ከቀጠለ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። በወላጅ ላይ የገንዘብ ቅጣት ይመጣል፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። አንዳንድ ወላጆች ቤታቸው ማስተማሩ በጣም ተስማምቷቸዋል። ሕጉም ይፈቅዳል። ከትምህርት ቤት አስወጥቻታለሁ ብለው ሁለት መስመር ኢሜይል ቢልኩልኝ ይበቃል።»

«እስኪሻላት ድረስ ማለት ነው?»

«ጊዜ ይስጧት» አሉ ሚስስ ኦርምሮድ፣ ደግ ፈገግታ እያሳዩ። አዎም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ። ማክሲን ስለ ድቡ አንድም ነገር ሳታስለውጥ፣ ጊዜዎን ወሰድኩ ብላ ይቅርታ ጠይቃ፣ አመስግናም ወጣች። ኢሜይሉን አውቶቡሱን እየጠበቀች ላከችው። መልሱ አውቶቡሱን ቀድሞ መጣ።

ለብራዮኒ «እስኪሻልሽ ቤት እንማራለን» አለቻት። አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራበትን ሰዓት ወደ ቅዳሜና እሑድ ቀነሰች። ክፍልፋይን የተጠበሰ ዳቦ እየቆረጡ ተማሩ፤ የከተማቸው ባሕር ከዳርቻው ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚለቅሙትን ወፎች ስም አጠኑ። ማስመለሱ ቆመ። ልጅቷ መብላት ጀመረች፣ መዝፈን ጀመረች፣ አያቷ ስትቆጣት መልስ መስጠትም ጀመረች። ማክሲን ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ለካስ መልካም አድርጌያለሁ እያለች ለሥራ ባልደረቦቿ አወራች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ብራዮኒ የደንብ ልብሷን ለብሳ ወጥ ቤት ገባች። እጅጌው አጥሯት ነበር።

«እማዬ፣ አሁን ተሽሎኛል። ሰኞ ልመለስ።»

«ቤት ጥሩ አልነበረም እንዴ?»

«ጥሩ ነው። ግን ሲሻልሽ ትመለሻለሽ ብለሽኛል እኮ። ጓደኛ እፈልጋለሁ።»

ማክሲን ጓሮ ወጥታ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ጸሐፊ ድምጿ እንደ ርዕሰ መምህሯ ለስላሳ ነበር። ኢሜይሉ በደረሰ በሳምንቱ የብራዮኒን ቦታ ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ልጅ ወስዶታል። ክፍሉ ሞልቷል። ቦታ ካላቸው ትምህርት ቤቶች የሚቀርበው በሁለት አውቶቡስ ይኬዳል፤ የሚያውቃት ልጅ ግን አንድም የለበትም። «ማመልከቻ ካስገቡ ወረፋ እንይዝልዎታለን» አለች ጸሐፊዋ።

«አመሰግናለሁ» አለች ማክሲን፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ራሷን ረገመች።

ወጥ ቤት ስትመለስ ብራዮኒ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ከእናቷ ፊት ላይ የሆነ ነገር አነበበች መሰለኝ፣ በችኮላ መናገር ጀመረች።

«ካሁን በኋላ አላስመልስም፣ እማዬ። ቢያስመልሰኝም ዝም ብዬ እሄዳለሁ። አንድም ቀን አልቀርም በያቸው።»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ቆንጆ።»

«ታዲያ ለምን አይቀበሉኝም?»

ማክሲን ቦታሽን ራሴ ነኝ የሰጠሁት ማለት ነበረባት። ልጅቷ ያጠረውን እጅጌ ወደ ታች እየጎተተች መልሱን ጠበቀች።