የጋሼ አፈር

አፈር መመርመሪያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሁለቱ ባልደረቦቿ ጡረታ ወጥተው ምትክ ስላልመጣ፣ ከ"እንደምን አደርሽ" ሌላ ቃል ሳትሰማ የምትውልበት ቀን ብዙ ነው። በጎረቤት ክፍል ያሉት ወጣቶች ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር መስታወት ላይ እየቀቡ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ለማውጣት ይሞክራሉ፤ ሳቃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማታል። እሷም የምትፈልገው ያንኑ ሴሌኒየም ነው፤ ግን አፈርና እህል ውስጥ፣ በዓይን በማይታይ መጠን።

አንድ ሰኞ አፈርና ስንዴ የያዙ ሁለት ከረጢቶች ደረሷት። ቅጹ ላይ "ግልገሎቹ ተወልደው አይቆሙም፤ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ በሳምንታቸው ይሞታሉ" ይላል። ስሙን ከማንበቧ በፊት ጽሕፈቱን አወቀችው። ታላቅ ወንድሟ ነው። እናታቸው በልብ ድካም የሞተች ጊዜ እሷ የሥራ ፈቃድ ተከልክላ ከቀብር በኋላ ብትደርስ፣ "ከእንግዲህ እህት የለኝም" ካላት ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ምርመራውን ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ሦስቴም የሴሌኒየሙ መጠን ዜሮ አፋፍ ላይ ነው። ስንዴው ያለ ሴሌኒየም አምሮበት ይበቅላል፤ የሚጎዳው ስንዴውን የሚበላው ሰውና እንስሳ ነው፣ ጡንቻውና ልቡ። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ ማሳ ሌላ እህል አልቀመሰችም። ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

ከዚያ ደወለች።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ።"

"ሚጣ?"

"ከረጢቶቹ እኔ እጅ ገቡ።"

"ያንቺ መሥሪያ ቤት መሆኑን አጥቼው መሰለሽ?"

ውጤቱን ነገረችው። ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ "እማዬንም የገደላት ይኼ ነው?" አላት።

"አላውቅም፤ ከእንግዲህ ማወቅም አይቻልም። አንተ ግን ደምህን ተመርመር።"

"እኔ ደህና ነኝ። ዳገት ስወጣ ብቻ ትንፋሽ ያጥረኛል።"

"እንግዲያው ነገውኑ ሂድ! ደግሞ ሐኪም ሳያዝልህ ኪኒን እንዳትገዛ። ሲበዛ መርዝ ነው፤ ጸጉርና ጥፍር ያረግፋል።"

"ጸጉሩስ ድሮ አልቋል" አለ፤ ሳቅ ግን አልነበረበትም።

ቅዳሜ ሴሌኒየም በልክ የተቀላቀለበት ማዳበሪያ በአውቶቡስ አስጭና ሄደች። ወንድሟ አርጅቷል። ጎን ለጎን እየሄዱ ማሳው ላይ ዳር እስከ ዳር በተኑት፤ "እዚህ ጋ ሳስቷል"፣ "እዚያ ጋ በዝቷል" ከመባባል በቀር ያወሩት የለም። ስትመለስ መንገድ ድረስ ሸኛት፤ አቅፎ ሊስማት ፈልጎ ይሁን ቦርሳዋን ሊያቀብላት፣ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

የእሱም ደም ሴሌኒየም ጎድሎት ተገኘና መድኃኒት ታዘዘለት። እርጉዞቹን በጎች የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ወጋለት።

ከወራት በኋላ በምሳ ሰዓት ስልኳ ጮኸ።

"ሦስት ተወለዱ። ሦስቱም ቆመዋል።"

"እሰይ!"

ስልኩን ሊዘጋው ነው ብላ ስታስብ፣ "ምን እያደረግሽ ነው?" አላት።

"ምሳ እየበላሁ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።"

"እኔም ገና ለምሳ መቅረቤ ነው። አትዝጊው።"

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ሰማች፤ ቀጥሎ የማንኪያ ድምፅ። እሷም የራሷን ስልክ ከሳህኗ ጎን አኖረችና፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ በሉ።