የማዶው ካስክ

ከግድቡ የተነሳው ትልቁ የመብራት መስመር በፀጉር ሠሪዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አልፎ፣ ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገርን ያንቆጠቁጣል። ከሥሩ ያለችው እሷ ግን መብራት እንደ ኩርፊያም ባል ሲያሰኘው እየመጣ ሲያሰኘው እየሄደባት ደንበኛ ሸሽቷት ሱቋን ልትዘጋ ጫፍ ደርሳለች። የሰፈሩ ሰዎች “ተራ ጠብቁ” ተብለዋል። ተራ አስከባሪው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልታወቀም።

ሥራ ከጀመረ የከረመው መስመር በይፋ በሚመረቅበት ቀን ጠዋት የመድረክ አስተዋዋቂዋ ፀጉሯን ልትሠራ ከች አለች። ፀጉር ሠሪዋ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ይህች ሴት አምሮባት መድረክ ከወጣች ከተማው ሁሉ ይጎርፍላታላ! አጠበቻት፣ ቢጎዲን ጠቀለለችላት፣ ማድረቂያ ካስኩን ደፋችላት። ካስኩ እህህ አለና ፀጥ።

“ምን ሆነ?”

“መብራት ሄደ።”

“በመብራት ምረቃ ቀን?”

“የመድረኩ ድምፅ ማጉያ እንዳይቆራረጥ ብለው የሰፈሩን አጠፉት። ክብር ነው እኮ!”

“እና በዚህ ጭንቅላት ‘ብርሃን ለሁላችን’ ልበል?”

ከድንበሩ ኬላ ማዶ የፀጉር ሠሪዋ ወንድም ሚስት ፀጉር ቤት አላት። እዚያ መብራት ጠፍቶ አያውቅም፤ ከዚህ የሚሄድ ነዋ! ችግሩ ሁለቱ አይነጋገሩም። ምራቲቱ ስታገባ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዳ ነበር ፀጉሯን የተሠራችው። ይህ ደግሞ ይቅር ይባላል?

ፀጉር ሠሪዋ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ የአስተዋዋቂዋን ራስ በሻሽ ሸፍና ወደ ኬላው እየጎተተች ወሰደቻት።

“እትዬ፣ ምን ይዛችሁ ነው?” አለ ጠባቂው።

“እርጥብ ፀጉር።”

“ወደ ውጭ የሚላክ?”

“ደርቆ ይመለሳል፣ የኔ ልጅ።”

ቀረጥ የሚጥልበት ቢያጣ አሳለፋቸው።

ምራቲቱ በሯ ላይ እጇን አጣምራ ጠበቀቻት። “ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?”

“ፀሐዩን እንጃ፣ መብራቱ ግን ከኛ ነው የወጣው። ካስክሽን አውሺኝ።”

“ትእዛዝ ነው?”

“ልመና ነው! ይኸው፣ ደስ ይበልሽ!”

ምራቲቱ ሳቋ አመለጣት። “ግቢ በይ። ለመሆኑ እናንተ ጋ ውሃ አለ? እዚህ ቧንቧው ድርቅ ብሏል። ሰው በጆግ እያጠብኩ አለቅኩ።”

“ሞልቷል! የሌለን ማድረቂያው ነው” አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ካስኩን አስተዋዋቂዋ ላይ እየደፋች።

ከሰዓት አስተዋዋቂዋ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘናፍሎ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ተሳስረናል!” ስትል የሁለቱም አገር ሹማምንት እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ከመድረክ ስትወርድ የአንዱ ሹም ሚስት ጠጋ ብላ፣ “ማን ነው የሠራሽ?” አለቻት።

“ሁለት አገር።”

ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን አልዘጋችም። ሴቱ ሁሉ እሷ ጋ ይታጠባል፣ ይጠቀለላል፣ ተሻግሮ ምራቲቱ ጋ ይደርቃል። የኬላው ጠባቂም ቢጎዲን ያደረገችን ሴት ፓስፖርት መጠየቅ ትቷል። ሰፈሩ የመብራት ተራውን አሁንም ይጠብቃል። ምራቲቱን የሠርጉን ነገር ይቅር ብላት እንደሆን ግን ፀጉር ሠሪዋን የሚጠይቅ ደፋር አልተገኘም።