የሚስቱ ዝምታ

ሰውየው ጋዜጠኛ ሳለ ባለሥልጣን በማስለፍለፍ የሚስተካከለው አልነበረም። የፕሬዚዳንቱ የፕሬስ አማካሪ ከሆነ ወዲህ ግን ሥራው ተገልብጦ የባለሥልጣን አፍ መጠበቅ ሆነ። ሰው ይፈርድበታል እንጂ፣ ገብቼ አንድ ነገር አስተካክላለሁ ብሎ ከልቡ አምኖ ነበር የገባው።

ሚስቱ አብረው ይሠሩበት በነበረው ጋዜጣ ላይ ቀረች። በመግለጫ ጊዜ እጅ ካወጡት መሀል ማን ይጠይቅ የሚለውን የሚመርጠው እሱ ስለሆነ፣ የቀድሞ ባልደረቦቹ "ሚስትህን ከዘለልክማ እራት የለህም!" እያሉ ይተርቡታል።

ከመግለጫ በፊት እሱ ጋዜጠኛ እየሆነ ፕሬዚዳንቱን በጥያቄ ያለማምዳል። ያን ዕለት ጠዋት በልምምዱ መሀል፣

"ባለቤትህ ምን ትጠይቀኛለች?" አሉት።

"ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሰዎች ቤት ገቡ ወይ ትልዎታለች።"

"ገብተዋል እላታለኋ።"

አልገቡም። ሁለቱም ያውቃሉ። እውነቱን መናገር ሲገባው፣ የሙያ ኩራት ይዞት ያልተጠየቀውን ዘከዘከ።

"ከመልስዎ በኋላ ዝም ብላ ታይዎታለች። ሰው ዝምታው ሲጨንቀው እሞላለሁ ብሎ እውነቱ ያመልጠዋል። ስንቱን ሚኒስትር ጉድ አድርጋዋለች! እርስዎም ዝም ይበሉ።"

ፕሬዚዳንቱ ደስ ብሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱ ግን ወዲያው ያደረገው ነገር ገባው። ሚስቱን ሸጣት፤ ያውም ማንም ሳያስገድደው።

አዳራሹ ሞላ። እጇን ስታወጣ ዕድሉን ሰጣት።

"ጎርፍ ያፈናቀላቸው ሰዎች ቤት ገብተዋል?"

"ገብተዋል" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

ዝም አለች። እሳቸውም ፈገግ ብለው ዝም አሉ። አንድ ሰው ሳል አፈነ፤ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ። ጠበቀች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ያን ጊዜ ዓይኗን ከፕሬዚዳንቱ አንሥታ፣ ማይክሮፎን ይዞ ጥግ ላይ ወደቆመው ባሏ አዞረች። ዘዴዋን ከእሱ በቀር ለማንም ነግራ አታውቅም። ብትቆጣ በተሻለው። እንደማታውቀው ሰው ነበር ያየችው።

"የሚቀጥለው ጥያቄ" ማለት ነበረበት። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

"አልገቡም" አለ። "እስካሁን ድንኳን ውስጥ ናቸው።"

ፕሬዚዳንቱ ቀስ ብለው ዞረው አዩት። ሚስቱ እንባዋ እየተናነቃት አቀርቅራ ያለውን ቃል በቃል ጻፈች። "የፕሬስ አማካሪው" ከሚለው ፊትም "የቀድሞው" ብላ ጨመረችበት።